በጨው ውስጥ ያለች ቅንጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያለዚያች ቅንጣት ግን አንገት ያብጣል፤ በማሕፀን ያለው ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ይህን ልክ ስናይ ፈጣሪን እናደንቃለን።

ሆኖም በደጋው አገራችን ዝናም አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለውም እንቅርትን በቅርብ ስለምናውቀው ነው። ታዲያ ፈጣሪ ረሳንን? አልረሳንም፤ የጎደለውን የምንሞላበት አእምሮና እጅ ሰጥቶናል። በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመር የሚያዝ ደንብ ወጣ።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በምድር ጨው መስሏቸዋል። እኛም በዌስትቼስተር፣ ከውቅያኖሱ አጠገብ የምንኖር ስደተኞች፣ ወደ አገር ቤት ስንደውል ስለ ጨዋቸው እንጠይቅ። የፈጣሪ ጥበብ በእኛ እጅ ወደ ወገናችን ገበታ ይድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።