የሰው ክብር በመልኩ አይለካም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ለንግሥና ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም በሄደ ጊዜ፥ ዓይኑ በመጀመሪያ ያረፈው በኤልያብ መልክና ቁመት ላይ ነበር። እግዚአብሔር ግን ሰው የውጩን፥ እርሱ ግን ልብን እንደሚመለከት አስታወቀው (1ኛ ሳሙ. 16፥7)። ነቢይ እንኳ በመልክ ከተሳበ፥ ለእኛ ለወጣቶች ይህ ፈተና ቀላል ሊሆን አይችልም።

የሰው የውበት መለኪያ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። አያቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱት ቆንጆ ለመባል ነበር፤ ዛሬ ግን ያንኑ ንቅሳት በነጠላቸው የሚሸፍኑ አሉ። አሁን ደግሞ በስልክ የሚያዩትን ፊት ለመምሰል ቆዳ የሚያነጣ ቅባት የሚቀቡ አሉ፤ ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ስላለባቸው ኩላሊትን ይጎዳሉ። ትናንት ጌጥ የነበረው ዛሬ ነውር ከሆነ፥ እንዲህ በሚወላውል ሚዛን ላይ ራሳችንን ለምን እናስቀምጣለን?

በእኛ አገር ግን በፊቱ ብቻ ሳይሆን በእግሩ የሚያፍር ብዙ ሰው አለ። በ2003 ዓ.ም. በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከ100 ሰዎች ከ3 የሚበልጡት እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ነበር፤ ቁጥራቸውም ከ1,700 በላይ ሆኖ ተገኘ። ደዌው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፥ ሰው ለትዳር በሚታሰብበት ዕድሜ ነው። እርግማን ነው፥ ይጋባል እየተባለ ስለሚወራም እጮኛ ይቀራል፥ ጎረቤት ይርቃል።

ነገሩ ግን እርግማን አይደለም። ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ፥ በአፈሩ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ይገቡና የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስበትን ሥር ይጎዱታል፤ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው አንዳንድ ቤተሰብ በትውልድ ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ እንጂ አንዱ ለሌላው ስለሚያስተላልፈው አይደለም። በየዕለቱ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፥ ቅባት፥ ማሰሪያና ጫማ እብጠቱን ይቀንሱታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ልጅም ይጠበቃል።

ይህ ኀፍረት እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይከተላል። በገበያም በመንገድም እግሩን በጫማ የሚሸሽግ ሰው በመቅደሱ ደጅ ጫማውን ማውለቅ አለበት። ስለዚህ ከዛፍ ሥር ቆሞ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰምቶ ይመለሳል፤ ከመዘምራን መካከልም ድምፀ መልካሟ እኅት ምክንያቷን ሳትናገር ትቀራለች። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በእግዚአብሔር ፊት ስለቆመ ነው (ዘጸ. 3፥5)፤ ሰዎች እግሩን እንዲመረምሩት አይደለም።

ንጉሥ ዳዊት የወዳጁን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን አስፈልጎ አስመጣው። ሁለት እግሮቹ ሽባ ነበሩ፤ ራሱንም ከሞተ ውሻ ጋር ያስተካክል ነበር (2ኛ ሳሙ. 9)። ዳዊት እግሩን ሊፈውስለት አልቻለም፤ ነገር ግን እንደ ንጉሥ ልጆች ዘወትር ከማዕዱ እንዲበላ አደረገው። እግሩ እንዳለ ሆኖ ቦታው ተለወጠ።

ጌታችን ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆና ጎንበስ ብሎ የሐዋርያቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13)። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ይህንኑ ሲፈጽሙ እናያለን። ጌታ ሊያጥበው ያጎነበሰለትን አካል እኛ ልንጸየፈው ምን ሥልጣን አለን?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በመልክና በአካል ከመቀለድ እንራቅ። ከዛፍ ሥር የቆመውን ወንድማችንን ሄደን እናምጣው፤ ከጎናችንም እናስቁመው። ከመዝሙር የቀረችውን እኅታችንን ቤቷ ሄደን እንጠይቃት። በየቤታችን ታናናሾቻችን ጫማ እንዲያደርጉና ማታ ማታ እግራቸውን እንዲታጠቡ እናድርግ፤ እግሩ ማበጥ የጀመረውንም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኘው።

በመልካችሁ ወይም በአካላችሁ አንገታችሁን የደፋችሁም ቀና በሉ። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ክብሩን ከመስታወት አይቀበልም፤ ከጎረቤት አፍም አይቀበልም። በመዘምራኑ መካከል ቦታችሁ ይጠብቃችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።