«እናንተ ሂዱ» ሲባል መሄድ ይገባልን?

ከጉዞ የተመለሰ ወጣት በዚህች መጽሔታችን ላይ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሳው የደረሰበትን ቦታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዕድሜ፣ የተራራውን ከፍታ፣ የሕዝቡን ብዛት። ይህም መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንጽፍ የወደድነው በመንገድ ላይ ስለ ተነገረን አንድ አጭር ቃል ነው። ቃሉም «እናንተ ሂዱ» የሚል ነው። አብሮን ከቤት የወጣ ሰው ደክሞት እንዲህ ሲለን፣ ቃሉን ተቀብለን ብንሄድ ታዘዝነው ይባላል ወይስ ተውነው?

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የጥቅምት 5 ቀንን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በዝቋላ ገዳም ለማክበር በዋዜማው ዕለት ዘጠኝ ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሦስታችን የአንድ ቤት ልጆች፣ አምስታችን የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛሞች ስንሆን፣ ዘጠነኛዋ የሦስታችን አክስት ነበሩ። እኒህን ሴት ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ ነበር፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ነገር ግን ስእለት ነበረባቸው። ስንቁን ያሰናዱት እርሳቸው ናቸው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦው ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነበር።

ዝቋላን ያየ ያውቀዋል። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ፣ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ተራራ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በአናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ ገዳሙም ከዚያው ነው። በጥቅምት ወር ክረምቱ ስለሚወጣ በዙሪያው ያለው የጤፍ ማሳ ለምለም ነው። ተራራው ከሩቅ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ዳገቱ የወጣቱንም እስትንፋስ ያሳጥራል።

መኪናው ከግርጌ አወረደንና በእግር መውጣት ጀመርን። እትዬ ጥቂት እንደ ሄዱ ወደ ኋላ ይቀሩ ጀመር። እኛም ሸክም እናቅልልላቸው ብለን ጓዛቸውን ተቀበልናቸው፤ ፀሐይ ስለ ነበረም ጋቢያቸውን አብረን አጠፍነው። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «እናንተ ሂዱ ልጆቼ፤ ዋዜማው እንዳያመልጣችሁ። እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ» አሉን። «አይሆንም እትዬ» አልን፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «ሂዱ ብያለሁ!» አሉ። ሄድን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከዚያ በኋላ እግራችን ቀለለን።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ከኋላ ስለ ነበሩ «እነርሱ ይዘዋቸው ይመጣሉ» ብለን አሰብን። ሁለቱ ግን በአቋራጭ ወጥተው ኖሮ እትዬ ከእኛ ጋር ያሉ መስሏቸዋል። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ የተገናኘነው ከመሸ በኋላ ነው። እርስ በርሳችን «እትዬስ?» ተባባልን። አንዱ ፈጥኖ ወደ ስልካቸው ደወለ። ስልኩም ጠራ፤ የጠራው ግን ከእግራችን ሥር ካለው ጓዝ ውስጥ፣ ከታጠፈው ጋቢ መካከል ነበር። የዚያ ድምፅ ዛሬም ከጆሯችን አልወጣም። ልንረዳቸው የተቀበልነው ጓዝ፣ ከብርድ መከላከያቸውንና ድምፃቸውን ማሰሚያቸውን ይዞ ከእኛ ጋር ወጥቶ ነበር።

ሦስታችን መብራት ይዘን ወረድን። ከዳገቱ አጋማሽ በታች አገኘናቸው። የማናውቃቸው አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው፣ እነርሱም መንገደኞች፣ እሳት አንድደው አጠገባቸው አስቀምጠዋቸዋል፤ የሽማግሌው ካፖርት በትከሻቸው ላይ ነው። እትዬ ሲያዩን «ደግሞ ምን አመጣችሁ? እደርሳለሁ ብያችሁ አልነበረም?» አሉን። ጋቢውን ስንሰጣቸው ግን ተከናንበው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሲነጋጋ ከእርሳቸው እርምጃ ጋር እየተራመድን ወጣን፤ ቅዳሴው ተጋምሶ ደረስን።

ከቤት ስንመለስ እትዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ጓዜን ተሸክመው፣ በሌሊት ወርደው ፈለጉኝ» እያሉ አመሰገኑን። ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ደብረ ሊባኖስም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ስንጠራቸው፣ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል»።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በመጀመሪያ ለራሳችን ጠበቃ ቆመን እንከራከር። አንደኛ፣ ሂዱ ያሉን ራሳቸው ናቸው፤ ታላቅ ሲያዝም መታዘዝ ተምረናል። ሁለተኛ፣ የሄድነው ለጨዋታ ሳይሆን ለዋዜማ ነው፤ ዋዜማው ደግሞ የዘገየውን አይጠብቅም። ሦስተኛ፣ አንሄድም ብለን ብንቀር ኖሮ «ሸክም ሆንሁባቸው» ብለው ያፍሩ ነበር። እነዚህ ክርክሮች የተናቁ አይደሉም። እያንዳንዳቸውን እንመርምር።

ስለ መጀመሪያው፦ እኛ በይሉኝታ አገር ያደግን ልጆች ነን። እንግዳ ከማዕድ ቀርቦ «በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ» ቢል፣ ከመካከላችን በመጀመሪያው ቃል መሶቡን የሚያነሣ ማን ነው? «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እያልን ሁለቴ ሦስቴ እንለምናለን እንጂ። «በቃኝ» ያለው ሰው ምናልባት አስቸገርሁ ብሎ እንደ ሆነ ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። ታዲያ በማዕድ ላይ የማናምነውን ቃል በዳገት ላይ ለምን አመንነው? መልሱ ያሳፍራል። በማዕድ ላይ ቃሉን አለማመን የሚያስወጣን አንድ ጉርሻ ነው፤ በዳገት ላይ ግን የጓጓንለትን ዋዜማ ሊያሳጣን ነበር። ቃሉን የመዘንነው በተናጋሪዋ ልብ ሳይሆን በእኛ ጥቅም ነው። ለእኛ የሚመቸንን ትእዛዝ መፈጸም ደግሞ መታዘዝ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን?

ስለ ሁለተኛው፦ የምንሮጥለት ነገር መልካም መሆኑ ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ሰው ወደ ክፉ ነገር ሲሮጥ ኅሊናው ስለሚወቅሰው ወደ ኋላው ዞር ይላል። ወደ መልካም ነገር ሲሮጥ ግን የሚወቅሰው ስለሌለ ዞር ብሎ ለማየት ይረሳል። የእኛም እንዲሁ ነበር። እየዘመርን ስለ ወጣን የተውነውን ሰው አላሰብንም።

ሦስተኛው ክርክር ግን በእውነት ይከብዳል። ይሉኝታ ያለበትን ሰው በግድ ስንጠብቀው፣ የዘገየነው በእርሱ ምክንያት እንደ ሆነ በየደቂቃው እናስታውሰዋለን። ሰዓት እያዩ፣ እየተነፈሱ የሚጠብቁት ሰው ከሚተዉት ሰው ይልቅ ሊያፍር ይችላል። ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጽሐፈ ሩት ያለውን ታሪክ እናስብ። ኑኃሚን ከሞዓብ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ሁለቱን ምራቶቿን ደጋግማ ተመለሱ ብላ ለምናቸዋለች። ዖርፋ አልቅሳ፣ ስማ ተመለሰች፤ መጽሐፉም ስለዚህ አይወቅሳትም። ሩት ግን ቀረች። ስለ ሩት እኛ የምናስተውለው ነገር አለ፤ የቀረችው ውለታ ለመዋል እንደ ሆነ አድርጋ አልተናገረችም። የኑኃሚንን መንገድ የራሷ መንገድ አደረገችው። ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። «ለእርስዎ ስንል ቆየን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ ስንቁን መፍታት ሌላ ነገር ነው። ዳቦውን እዚያው ቆርሰን፣ ቆሎውን እየዘገንን ብንጫወት ኖሮ፣ ማን ለማን እንደ ቆየ ማን ይቆጥረው ነበር?

አንዳንድ ጊዜ «ሂዱ» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን እንደሚችልም አንክድም። ብቻውን ማረፍ የሚወድ፣ በጸጥታ መጸለይ የሚፈልግ ሰው አለ፤ የሕመምተኛን «በቃኝ» አለመስማትም ግፍ ነው። እንግዲያው ከመሄዳችን በፊት ቢያንስ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ እኛ ከሄድን በኋላ ይህ ሰው ምን ይኖረዋል? ጋቢ አለውን? ውኃ አለውን? የሚጠራበት ስልክ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አለውን? መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ጋቢውን ይዞ መሄድ ግን አይቻልም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ላይ ኤሳው ወንድሙን ያዕቆብን አብረን እንጓዝ ሲለው፣ ያዕቆብ ልጆቹ ለጋ መሆናቸውን፣ ከብቶቹም የሚያጠቡ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ እርሱ ቀድሞ እንዲሄድ፣ ራሱ ግን በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚከተል ይነግረዋል። ልብ እንበል። «ደክሞናል» ያሉት ልጆቹ አይደሉም፤ የተናገረላቸው ጉልበት የነበረው ያዕቆብ ነው። በእኛ ጉዞ ግን መድከማቸውን መናገር፣ መፍትሔ መፈለግ፣ እኛን ከኀፍረት ማዳን ሁሉ በእትዬ ላይ ወደቀ። የደከመው ሰው «ሂዱ» እስኪል ድረስ መጠበቃችን ራሱ የመጀመሪያው ጥፋት ነው። አስቀድመን በማለዳ ብንነሣ፣ በቅሎ ብንፈልግ፣ ማረፊያ ቦታ ብንቆጥር ኖሮ ያ ቃል ባልተነገረም ነበር።

ስለ ቁጥራችንም አንድ ነገር እንጨምር። በሉቃስ ወንጌል ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ፣ ወላጆቹ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል። እንዲህ ያለው ነገር ቅዱሳን ወላጆችን ከገጠማቸው፣ እኛንማ እንዴት አይገጥመን! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ሁሉ ሎሚዋን ሌላው የያዛት ከመሰለው፣ ሎሚዋ ከመንገድ ትቀራለች።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ አንድ ተራራ ብቻ አይደለም። ከዚያ ጉዞ ጓደኞቻችን መካከል ሁለቱ ዛሬ በባዕድ አገር ናቸው። ሲሄዱ እናቶቻቸው በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያሉት ያንኑ ነው፦ «እናንተ ሂዱ፤ ስለ እኛ አታስቡ»። ዛሬም በስልክ «እኛ ደኅና ነን» ይላሉ። መሄዳቸው ጥፋት ነው አንልም፤ እንጀራ ፍለጋ ነው። ነገር ግን «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ጊዜ አምነን ስልኩን የምንዘጋው፣ እውነት ስለ መሰለን ነው ወይስ ስለ ቸኰልን? እዚህ የቀረነውስ የእነዚያን እናቶች ደጅ አንኳኩተን እናውቃለን?

ዘንድሮ ደግሞ ጉዞ አስበናል። እንደ ቀድሞው ቢሆን «እትዬ፣ አብረውን ይሄዳሉ?» ብለን እንጠይቃቸው፣ እርሳቸውም ቤት ጠባቂ ያስፈልጋል ብለው ይመልሱልን ነበር። አሁን ግን ቀኑንም ቦታውንም ሳንወስን ከቤታቸው ሄደን፣ «እትዬ፣ በስንት ሰዓት ብንነሣ ጉልበትዎን ይሻለዋል?» አልናቸው። ለጊዜው አልመለሱልንም። ቡናውን ቀድተው፣ ሁለተኛውን ከጠጣን በኋላ፣ «በጧት ነው እንጂ፤ ፀሐይ ሳይበረታ» አሉ።

ጋቢያቸውን ግን በዚህ ጊዜ ራሳቸው ይይዙታል።