ካየ በኋላ ለማን ይናገራል?

መስከረም ላይ አጎቴን ልጠይቅ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥቼ ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያን ዘሏል፤ ማሳቸውን ግን ዛሬም ለሰው አይሰጡም። ስንዴያቸውን እያሳዩኝ አንድ ቅጠል ቀነጠሱና በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው፣ «ዋግ እንዳይሆን ፈርቻለሁ» አሉኝ። እኔ ምንም አልታየኝም። ለእኔ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

አላዋቂ ሆኜ መቅረቱ ከነከነኝ መሰለኝ ያነበብኩትን ማውራት ጀመርኩ። «አጎቴ፣ ዛሬ እኮ ሰማይ ላይ ሆኖ የሰብልን ሕመም የሚያይ መሣሪያ አለ። ድንጋዩን አይቶም እዚህ ቦታ ማዕድን ይኖራል ብሎ ይጠቁማል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መልካም ነው። ታዲያ ልጄ፣ ካየ በኋላ ለማን ነው የሚናገረው?» አሉኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንዲህ አፌን ያስያዘኝ ግን ትዝ አይለኝም።

እስቲ መጀመሪያ ስለ መሣሪያው እናውራ። ሃይፐርስፔክትራል ይሉታል። የሰው ዐይን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ካመጠቀው ሳተላይት ጋር የወጣው ሃይፐሪዮን የተባለው መሣሪያ ግን ከምድር የሚመለሰውን ብርሃን ወደ 220 ቀጫጭን መደቦች ይከፋፍል ነበር። በ2019 ኢጣሊያ፣ በ2022 ጀርመን የየራሳቸውን አምጥቀዋል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመገባል፤ ለእኛ የማይታየንን ኢንፍራሬድ ደግሞ ይመልሳል። ሲጠማው ወይም ሲታመም ይህ ሚዛን ይዛባል። ማዕድንም እንደዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ የሚውጠው የብርሃን ዓይነት አለው። መሣሪያው ከመሬት ሥር ያለውን ወርቅ አያይም። ጥንት ሙቅ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ጥሎት የሄደው ሸክላና የብረት ዝገት ገጽ ላይ ከወጣ ግን ያንን ያያል። ያንን ያየ የት መቆፈር እንዳለበት ይገምታል።

ለነገሩ አጎቴም የሚበልጡት ነገር አለ። የእነዚህ ሳተላይቶች ሥዕል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ግድም ቢሆን፣ በሥዕሉ ላይ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። አጎቴ ግን የቀነጠሱት አንዲት ቅጠል ነው።

ጥያቄያቸው ስለ ዐይኑ ጥራት አልነበረም። እና ዝም ብሎ ማየት ማንን ይጎዳል? አጥር አልተዘለለ፣ እህል አልተነካ። እንዲያውም በ1977 ዓ.ም. ከደረሰብን ረሃብ በኋላ አሜሪካኖች ያቋቋሙት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሳተላይት ምስል ይጠቀማል። እያንዳንዱ መንግሥት «መሬቴን አትዩብኝ» የማለት መብት ቢኖረው ኖሮ፣ ረሃቡን መደበቅ የሚፈልገው ይህንን መብት ለመጠቀም የመጀመሪያው ይሆን ነበር። ስለዚህ ማየት ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀ በኋላ በርካታ ታዳጊ አገሮች «ፈቃዳችን ሳይጠየቅ አይሆንም» ብለው ነበር። አልተሳካላቸውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1986 ያጸደቃቸው መርሆዎች ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ አላደረጉም፤ የታየው አገር መረጃውን ያለ አድልዎ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የማግኘት መብት እንዲኖረው ብቻ ነው የደነገጉት። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ ግን በሬው የገዛ አገሩን ሠርዶ በሒሳብ እንዲግጥ ተፈረደበት።

አፍጋኒስታንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ተቋም ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ በአውሮፕላን ጭኖ በ43 ቀናት የአገሪቱን አብዛኛውን ክፍል አነሳ። መንግሥቱ ያውቅ ነበር፤ ካርታውም በኋላ ለሁሉም ይፋ ሆኗል። በ2010 የአሜሪካ ባለሥልጣናት የማዕድኑን ዋጋ ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ገምተው ተናገሩ። እንግዲህ ምስጢር የለም፣ ስርቆት የለም። ነገር ግን በዚያ ተራራ ሥር ፍየል የሚጠብቀው ሰው ካርታውን ማንበብ አይችልም። ማንበብ የሚችለው ኩባንያ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃ ለሁሉም እኩል አይናገርም።

እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ከቻይና አምጥቀን እሰይ ብለናል። መደቦቿ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም የራሳችን ዐይን ነበረች። የአጎቴ ጥያቄ ግን ዐይኑ የእኛ ስለሆነ አይመለስም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የዓለም ሕግ መረጃውን «ለአገሩ» ስጡ ሲል የሚረከበው ቢሮ ነው። በቋንቋችን ገበሬውን ባላገር እንለዋለን፤ ባለ አገር ማለት ነው። ስሙን ሰጥተነው ሲያበቃ፣ ስለ አገሩ የሚታወቀውን መጨረሻ ላይ የሚሰማው እሱ ነው። አንዳንዴም የሚሰማው ቀያሽ ችካል ይዞ ሲመጣ ነው።

እኔ የደረስኩበት ይኼ ነው፦ ማየት ዕዳ ነው። በሰው ማሳ ላይ በሽታ ያየ ሐኪም፣ የማሳው ባለቤት ሳይሰማ ለመድኃኒት ነጋዴው ቢነግር ዋሸ አንለውም፤ ግን በደለ እንላለን። ዕዳው የሚከፈለውም ሰነዱን ለመሥሪያ ቤት በመላክ ሳይሆን፣ ሊጠቀምበት በሚችልበት ቋንቋና ጊዜ ለታየው ሰው በመንገር ነው። ከባድ ነው፣ ገንዘብም ይፈጃል። ሳተላይቱን ያህል ግን አይፈጅም።

በዚህ እኔም ነፃ አይደለሁም። ለዓመታት ስለ ባላገር የተጻፉ ልቦለዶችን በከተማ ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ ያየነውን ለባላገሩ ማን ይነግረዋል ብዬ አላውቅም። አሁንም የአጎቴን ቃል ሳላስፈቅድ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት። ስለዚህ አንድ ቅጂ ልኬያለሁ፤ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። የምላሻቸውን ነገር እንጃ። ስንዴው ግን፣ በስልክ እንደነገሩኝ፣ ዋግ ነበር።