ልጅ የማን አደራ ነው?

ልጅ የማን ነው? የወለዱት የአባትና የእናቱ? ነገ ዜጋዬ ነው የሚለው የመንግሥት? ነፍሱን እጠብቃለሁ የምትለው የቤተ ክርስቲያን? ወይስ የራሱ የልጁ? ጥያቄው እንዲህ በደረቁ ሲቀርብ መልሱ ቀላል ይመስላል። አብዛኞቻችን «የወላጆቹ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?» ብለን እናልፈዋለን። እኔን ግን በቀላሉ እንዳላልፈው የጎረቤት ነገር ይዞኛል።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ነው። ከቤቴ አጠገብ ዘጠኝ ልጆች ያፈሩ ካቶሊክ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ከዘጠኙ ልጆች አንዱም እንኳ ለትምህርት ብሎ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መምህራቸው እናታቸው ናት፤ መማሪያ ክፍላቸው የምግብ ጠረጴዛቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በዚያ ቤት ቀኑ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ከጸሎት በኋላ የአጃ ገንፎ በትልቅ ድስት ይቀርባል። ሳህኑ ተነስቶ ጠረጴዛው ሲወለወል ትምህርት ቤቱ ተከፈተ ማለት ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ ክፍልፋይ ያሰላል፤ የ9 ዓመቷ የትምህርተ ክርስቶስ ጥያቄና መልስ በቃሏ ታጠናለች፤ የ6 ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል፤ የ3 ዓመቱ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ወለሉን በእርሳስ ይሞነጫጭራል። እናትየው ለትልልቆቹ አልጄብራ የምታስረዳው ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት ነው፤ ሕፃኑ ቀድሞ ከነቃ አልጄብራው ለነገ ያድራል። ቀትር ሲሆን ሁሉም ብድግ ብለው የመልአኩን ብስራት የሚያስታውሰውን ጸሎት ይደግማሉ። የልብስ ማጠቢያው ሲያጓራ ይውላል። የማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳህን የሚያጥበውን፣ ዶሮ የሚመግበውንና ትንንሾቹን የሚያለብሰውን በየስሙ ይዘረዝራል። የታላቁ ጫማ ለታናሹ፣ የታናሹም ለተከታዩ ይተላለፋል። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያመጡት በቅርጫት ነው። አርብ አርብ እንደነሱ ካሉ ቤተሰቦች ጋር በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ይሰበሰቡና አንዷ እናት ላቲን፣ ሌላዋ ሥዕል፣ ሦስተኛዋ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ማታ አባትየው ከሥራ ሲገባ በመቁጠሪያ ይጸለያል፤ ትንንሾቹ እንደተንበረከኩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ልጅ የበዛበት ቤት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ልጅ በእድሉ ያድጋል» እያለ የወለደ ወገን ልጆች ነን። የሚያስገርመን ትምህርቱ ነው። በእኛ ዘንድ መማር ማለት ከቤት መውጣት ማለት ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየነከሰው ከአገር አገር የሚዞረው ዕውቀት ከእናቱ ጓዳ የማይገኝ ስለሆነ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ልጅ ማስተማር ማለት ልጅን መላክ ማለት ሆነ። ስለዚህ ጓዳው ራሱ ጉባኤ ቤት፣ እናቲቱ ራሷ የኔታ ሆና ስናይ ግራ መጋባታችን አይፈረድብንም።

እነዚህ ሰዎች እዚህ የደረሱት በአንድ ጀምበር አይደለም። በ1884 በባልቲሞር የተሰበሰቡት የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በየደብሩ አንዳንድ ትምህርት ቤት እንዲሠራ አዘዙ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር። ያንን ሁሉ ልጅ በርካሽ ማስተማር የተቻለው ደናግሉ ለዕለት ጉርስ ያህል እየተከፈላቸው ስለሚያስተምሩ ነው። በኋላ የደናግሉ ቁጥር መነመነ፤ በምትካቸው ባለደመወዝ መምህር ተቀጠረ፤ ክፍያው ናረ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ዛሬ የተማሪዎቹ ቁጥር 2 ሚሊዮን አይሞላም። ዘጠኝ ልጅ በአንድ ሰው ደመወዝ የሚያሳድግ ቤት ያንን ክፍያ የሚችልበት መንገድ የለም። በ1980 በዚሁ በቨርጂንያ ለእንደዚህ ያሉ ቤተሰቦች በፖስታ መጽሐፍና ፈተና የሚልክ ሴተን የተባለ ተቋም ተመሠረተ። በ1984 የግዛቲቱ ሕግ በቤት ማስተማርን ፈቀደ። በ1993 ደግሞ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ።

ጎረቤቶቼን ብትጠይቋቸው ግን የገንዘቡን ሒሳብ አያስቀድሙም። የሚያስቀድሙት ሃይማኖታቸውን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስታውቋል። እናትየው ይህን ቃል እንደ ሹመት ደብዳቤ ነው የምትቆጥረው።

ታሪክም ያግዛታል። በ1922 የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በድምፅ ብልጫ አንድ ሕግ አጸደቀ። ከ8 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማር የሚያስገድድ ነበር። ከሕጉ ደጋፊዎች አንዱ ካቶሊኮችን እንደ ጥቁሮችና እንደ አይሁዶች የሚጠላው ኩ ክለክስ ክላን ነው። ትምህርት ቤት የነበራቸው ደናግል ከሰሱና ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1925 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻሩት፤ ልጅ የመንግሥት ፍጥረት አይደለም ማለታቸው ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዩስ 11ኛ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባስተላለፉት መልእክት ይህንኑ የአሜሪካ ፍርድ በምስክርነት ጠቀሱት። እንግዲህ ከመንግሥትና ከወላጅ አንዱን ምረጥ ብባል፣ እኔም ሳላመነታ ከወላጅ ጎን እቆማለሁ። መንግሥት የልጅ አባት ልሁን ባለበት አገር ሁሉ ምን እንደተደረገ ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም።

ነገር ግን መንግሥት ባለቤት አይደለም ማለት ወላጅ ባለቤት ነው ማለት ነውን? ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው።

በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቶማስ አኩዊናስ፣ የአይሁድን ልጆች ያለወላጆቻቸው ፈቃድ ማጥመቅ ይገባ እንደሆነ መርምሮ አይገባም ሲል ፈርዷል። ልጅ ማሰብ እስኪጀምር ድረስ በወላጆቹ ጥበቃ ውስጥ የሚኖረው በመንፈሳዊ ማኅፀን እንዳለ ሆኖ ነው ባይ ነው። ለወላጅ መብት ከዚህ የበለጠ ጥብቅና አላውቅም። ሆኖም ይኸው ሊቅ በዚያው ቦታ ላይ ልጁ በገዛ ፈቃዱ መመራት ሲጀምር የራሱ መሆን እንደሚጀምር ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ቃል የሚጠቅስ ሰው ብዙ አይደለም። ማኅፀን ክብሩ መጠበቁ ነው፤ በጊዜው ካልወለደ ግን መቃብር ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ የሊቋን ቃል ሁልጊዜ አልጠበቀችም። በ1858፣ በጳጳሱ ግዛት ሥር በነበረችው በቦሎኛ ከተማ፣ ኤድጋርዶ ሞርታራ የተባለ የ6 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ በፖሊስ ከወላጆቹ ቤት ተወሰደ። ምክንያቱ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሕፃን ሳለ ታምሞ ይሞታል ብላ በድብቅ አጥምቄዋለሁ ማለቷ ነበር። የተጠመቀ ልጅ በአይሁድ ቤት አያድግም ተብሎ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዩስ 9ኛ ጥበቃ ሥር አደገ። የወላጆቹ እንባም ሆነ የአውሮፓና የአሜሪካ ጩኸት አልመለሰውም። ልጁ አድጎ ካህን ሆነ፤ በ1940 ቤልጅግ ውስጥ እስኪሞት ድረስም በደረሰበት ነገር ማዘን ቀርቶ ያመሰግን ነበር።

ለእኔ ከመወሰዱ ይልቅ ምስጋናው ነው የሚከብደኝ። ሰውየው አመሰገነ፤ ታዲያ ድርጊቱ ትክክል ነበር ልንል ነው? አንልም። ያመሰገነው ያሳደጉት ሰዎች በቀረጹት ልብ ነው። ይህ ከሆነ ግን ሚዛኑ ለሁላችንም አንድ ይሁን። «ልጆቼ አድገው አመስግነውኛል» የሚል ወላጅም፣ «ተማሪዎቼ ይወዱኛል» የሚል መንግሥትም በዚያ ምስጋና ብቻ ነጻ ሊወጣ አይችልም። ምስጋና ደስ ይላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ አየ። በዊስኮንሲን የሚኖሩ የአሚሽ ማኅበረሰብ አባቶች ልጆቻችንን ከ8ኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አንልክም ብለው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጥተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ለአባቶቹ ፈረደ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለዩ። ሁላችንም ስለ ወላጅና ስለ መንግሥት ስንከራከር ልጆቹን ማን ጠየቃቸው ነበር ጥያቄያቸው። ከልጆቹ መካከል ቀርባ ሐሳቧን የተናገረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሌላው ልጅ ፒያኖ ተጫዋች ወይም የጠፈር ተጓዥ መሆን ይፈልግ እንደሆነ ማን ያውቃል?

የዳኛውን ጥያቄ ይዤ ወደ ጎረቤቶቼ ቤት ስመለከት ዓይኔ የሚያርፈው በትልቋ ልጅ ላይ ነው። 16 ዓመቷ ነው። የላቲን ግሥ የምታረባው ሕፃን በጎኗ ታቅፋ ነው። ሦስት ወንድሞቿን ማንበብ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ ይህንንም በኩራት ትናገራለች፤ ኩራቷም ይገባታል። አንድ ቀን ግን ሳታማርር፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ፣ «ብቻዬን የተቀመጥኩበትን ሰዓት አላስታውስም» አለችኝ። የእኛ አገር የበኩር ሴት ልጆችም እንዲህ ሁለተኛ እናት ሆነው አድገዋል። ከዚያ ቤት የማየው መልካም ነገር ሁሉ፣ መተሳሰቡ፣ ታላቅ ለታናሽ መድረሱ፣ መከባበሩ፣ ግማሽ ዋጋው የሚከፈለው ከእሷ ሰዓት ነው።

ይህን ለእናትየው አንስቼላት ነበር። አልተቆጣችም። «ትምህርት ቤት ብልካትስ ሰዓቷ የራሷ ሊሆን ነው? እዚያም በደወል ትነሳለች፣ በደወል ትቀመጣለች። ልብሷንና ንግግሯን የሚመርጡላት እኩዮቿ ናቸው። ማንም ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ አያድግም፤ አንዱ መቅረጹ ካልቀረ የምትወዳት ብትቀርጻት ይሻላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገለልተኛ አስተዳደግ የሚባል ነገር የለም፤ ቋንቋ እንኳ ሳንጠየቅ የተሰጠን ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የደረስኩበት ይህ ነው። እኛ ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ቃል አለን፤ አደራ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። አደራ ተቀባይ ንብረቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ሌባ ቢመጣ ይሟገታል፤ ግን የእኔ ነው አይልም። አደራ ሲሰጥ ምስክር ይቀመጣል፤ ጊዜው ሲደርስም ለባለቤቱ ይመለሳል። ልጅን በተመለከተ አደራ ጠባቂው ወላጅ ነው። ምስክሩ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያንና ጎረቤት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ነገ የሚመጣው፣ ለጊዜው በትንሹ ሰውነት ውስጥ ያለው፣ ራሱ ልጁ ነው። በኦሪገን ምስክሩ ባለቤት ልሁን አለ። በቦሎኛ ምስክሩ አደራውን ነጠቀ። በዊስኮንሲን ደግሞ ባለቤቱን የጠየቀው ሰው ጠፋ።

ምስክር የሌለው አደራ ግን ለጠባቂውም አደገኛ ነው። ጎረቤቶቼ በየዓመቱ ለወረዳው ትምህርት ኃላፊ ያሳውቃሉ፤ ልጆቹ መማራቸውን የሚያሳይ ማስረጃም ያቀርባሉ። የቨርጂንያ ሕግ ግን ሌላም በር አለው። በሃይማኖት ምክንያት ከትምህርት ግዴታ ነጻ የተደረገ ቤተሰብ የልጆቹን ውጤት ለማንም የማሳየት ግዴታ የለበትም። ይህን በር አልወደውም። እምነቱን የሚያምን ወላጅ፣ ልጁ ማንበብና ማስላት መቻሉን ሌላ ሰው ቢያይበት ምን ይጎድልበታል?

አደራው መመለሱ የሚታወቀውም በምስጋና ሳይሆን በሦስት ተራ ነገሮች ይመስለኛል። ልጁ ከወላጆቹ መንገድ ሌላ መንገድ መኖሩን ያውቃልን? በዚያ መንገድ ለመሄድ የሚያበቃ ዕውቀትና ሙያ በእጁ አለን? ከሄደስ የቤቱ በር ተመልሶ ለመግባት ክፍት ነውን? ለሦስቱም አዎን የሚል ቤት፣ ልጆቹን በጠረጴዛ ዙሪያም ያስተምር በአዳራሽ፣ አደራውን አልበላም። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ዘንድሮ በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ ሁለት ትምህርት ጀምራለች፤ ያመለከቱላትም ወላጆቿ ናቸው።

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ ገጹን ለሚገለብጥ አንባቢም አንድ ቃል አለኝ። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆቻችንን በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስበን ሀ ሁ ስናስቆጥር፣ እምነታችንንና ቋንቋችንን እንዳይጥሉብን ስንለፋ፣ ጎረቤቶቼ ሳምንቱን ሙሉ የሚያደርጉትን በቀን ተኩል እያደረግን ነው። ልፋቱ ተገቢ ነው፤ ለልጅ የራስን ከመስጠት ሌላ ምን ይሰጣል? ግን ስንሰጥ ምን እያልን ነው? «ይህ የእኛ ነው፣ አንተም የእኛ ነህ» ማለትና «ይህ የእኛ ነው፣ አንተ ግን የራስህ ነህ» ማለት በቃል ሲሰሙ ተቀራራቢ ናቸው። ልጁ ግን ልዩነታቸውን ገና ፊደል ሳይለይ ያውቀዋል።