ወድቆ የሚነሣው ድመት



ድመቱ ቶምና አይጡ ጄሪ እ.ኤ.አ. በ1940 በካርቱን ፊልም ጀምረው፣ ከቴሌቪዥንም አልፈው የሕፃናት ቪዲዮ ጨዋታ ከሆኑ ሰንብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለፕሌይስቴሽን 2 በወጣው ጨዋታቸው ሕፃኑ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ወንበርና መጥበሻ እያነሣ ባላንጣውን ራሱ ይደበድባል። የወደቀውም ያለ ደም፣ ያለ ልቅሶ፣ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ይነሣል።

ሳቁን አልነቅፍም፤ እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የይፋት ቆላ ሕፃናት ወድቆ የማይነሣውን አይተዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን የመምቻውን ቁልፍ ሲጫን በልቡ የሚመላለሰውን ማን ጠየቀው?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም የመገናኛ ብዙኃን ቀን ባስተላለፉት መልእክት ዓመፅን የሚያወድሱ የካርቱን ፊልሞችንና የቪዲዮ ጨዋታዎችን ሳይቀር ነቅፈዋል። ሕፃናት መልካሙን መምረጥ እንዲችሉ ማሠልጠንም የወላጆች፣ የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ መሆኑን አሳስበዋል።

ጆይስቲኩን ነጥቆ መቆለፍ ይቀላል፤ ከልጅ ጎን መቀመጥ ግን ጊዜ ይጠይቃል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በኢያኢሮስ ቤት ልቅሶ ነበረ፤ ጌታችን ብላቴናይቱን እጇን ይዞ አስነሣት፤ የምትበላውንም እንዲሰጧት አዘዘ። መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ይህን ታሪክ ስትተርኩላቸው ድመቱን ማን እንዳስነሣው ጠይቋቸው። መልሳቸውንም ሳታቋርጡ ስሙ፤ የሚነግሯችሁ ስለ ድመቱ ላይሆን ይችላል።