ስለ ጦርነት የሚጠየቅ ሹምና የእውነት ቃል

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ለመውጋት በተነሣ ጊዜ 400 ነቢያት በፊቱ ቆመው ድል እንደሚያደርግ ነገሩት። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሳፍጥ ግን በብዙዎቹ አንድ ድምፅ አልረካምና ሌላ የሚጠየቅ ነቢይ እንዳለ ጠየቀ። በዚህ ምክንያት ሚክያስ ወልደ ይምላ ተጠራ፤ እውነቱን ስለ ተናገረም በጥፊ ተመታ፥ ወደ ወኅኒም ተወሰደ (ነገሥት ቀዳማዊ ምዕ. 22)። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ የሚክያስን ድፍረት አብዝተው ይናገራሉ፤ እኔ ግን ኢዮሳፍጥም ሊታሰብ ይገባዋል እላለሁ፤ ጠያቂ ባይኖር መላሽ አይጠራም ነበርና።

በዘመናችን ይህ የጠያቂነት ሥራ በአብዛኛው የጋዜጠኛ ሆኖአል። አንዳንድ ምእመናን፥ ካህናትም ጭምር፥ አገር በጦርነት ላይ ሳለች ሹምን መጠየቅ ክሕደት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚያስት ለማወቅ የደገሀቡርን አውራጃ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ከደገሀቡር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወልወል የሚባል የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ስፍራ አለ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በዚያ በኢትዮጵያና በኢጣልያ ወታደሮች መካከል ውጊያ ተነሥቶ ከኢትዮጵያ ወገን ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ1900 ዓ.ም. በተደረገው የጠረፍ ውል መሠረት ስፍራው ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ብዙ የገባ ነበር፤ የኢጣልያ መንግሥት ግን ተደፈርሁ ብሎ ካሳና ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ለሽማግሌ ዳኞች ቀርቦ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ሁለቱም ወገኖች በደለኞች አይደሉም ተብሎ ተፈረደ። ወልወል የማን ምድር ናት የሚለውን ጥያቄ ግን ዳኞቹ እንዳይመረምሩ አስቀድሞ ተከልክለው ነበር። ዋናው ጥያቄ የተዘለለበት ፍርድ እንደ ምን ሰላም ሊያመጣ ይችላል? በወሩ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 22 ቀንም ደገሀቡር በጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ተያዘች።

በዚያ ጦርነት ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ ተዋጋች፤ ይህም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ ራስዋ ከፈረመችው ውል ጋር የሚቃረን ነው። የታይምስ ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲር ነገሩን ለዓለም ጻፈ፤ ኢጣልያኖችም አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ አስወጡት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ በቆሙ ጊዜ ያፏጩባቸው ደግሞ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ። እንግዲህ የጋዜጠኛ ስም ብቻውን እውነተኛ አያደርግም፤ በአክዓብ ፊት የቆሙትም ነቢያት ይባሉ ነበር።

ኋላም ኢጣልያዊው ጋዜጠኛና ታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ የገዛ አገሩን ሰዎች ስለ ጋዙ ይጠይቅ ጀመር፤ ብዙ ነቀፋም ደረሰበት። በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የዘመተው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነገሩን ለብዙ ዘመን ካደ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ መሳሳቱን ተናገረ። አንድ የእውነት ቃል ለመውጣት 60 ዓመት ፈጀ!

ደገሀቡር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ዳግመኛ በጦር ተያዘች። የሞቃዲሾ ሹማምንት ሲጠየቁ የሚዋጉት ሸማቂዎች ብቻ ናቸው፥ የመንግሥት ጦር የለበትም ይሉ ነበር፤ መደበኛ ጦራቸው እንዲዘምት መወሰናቸውን በግልጥ ያወጁት በየካቲት 1970 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ልጁ የሞተበት የሶማልያ አባት የት ሄዶ ይጠይቅ ኖሯል?

ምሥጢር መጠበቅ ሌላ፥ ሐሰት ሌላ ነው። ሳሙኤል ዳዊትን ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም በሄደ ጊዜ የመጣበትን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ አልገለጠም፤ ሊሠዋ መምጣቱን ሲናገር ግን በእውነት ሠውቶአል። የጦር አዛዥም ነገ የሚዘምትበትን መንገድ ቢሰውር አይነቀፍም። ሹም ስለ ሙታን ሲጠየቅ ዛሬ አልናገርም ማለት ይችላል፤ የሆነውን አልሆነም ማለት ግን አይፈቀድለትም።

ስለዚህ የንስሐ አባት ሹም የሆነውን ልጁን ስለ ጾሙና ስለ ምጽዋቱ እንደሚጠይቀው፥ ስለ ጦርነት ለሕዝብ የተናገረውንም ቃል ይጠይቀው። ከሹም ማዕድ የሚቀርብ ካህን ይህን መጠየቅ እንደሚከብደው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጦርነት ሳይነሣ፥ ነገሩ ገና ቀላል ሳለ፥ ልማዱን ቢጀምር ይሻለዋል።