የውዝዋዜ ባለቤትነትና ስምንተኛው ትእዛዝ

እንጀራውን ቆርሶ ለጎረቤቱ ያካፈለ ሰው ያካፈለውን ያህል ከመሶቡ ይጎድልበታል፤ ውዝዋዜ ያስተማረ ሰው ግን የነበረውን ሁሉ እንደያዘ ይቀራል። እንግዲህ የሌላውን ውዝዋዜ ዐይቶ የሚወዛወዝ ሰው በማን ላይ ምን በደል ሊፈጽም ይችላል? ጥያቄው ለካህን ብዕር የማይመጥን ቀልድ የሚመስላቸው ምእመናን ይኖራሉ። ዳሩ ግን ከጅጅጋ ጀምሮ እስከ ደምበልና እስከ ቶጎ ውጫሌ ባሉት ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች ስልካቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው የባሕር ማዶ ውዝዋዜ ሲለማመዱ ስናይ፣ የምንሰነዝረው ተግሣጽ ዘወትር «የባዕድ ነው» የሚል ብቻ ሆኗል። ይህ ቃል ውዝዋዜው ከሩቅ መምጣቱን ይነግረናል፤ ከማን እንደመጣ ግን አይነግረንም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ይመስለናል። (የአንዳንድ ውዝዋዜዎች ኀፍረተ ቢስነት ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም።)

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ አቅራቢያ የምትኖር ጃላያ ሃርመን የተባለች የ14 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ኬ ካምፕ የተባለው የሂፕ ሆፕ ዘፋኝ ባወጣው «ሎተሪ» በተሰኘ ዘፈን ላይ ፈጣን የእጅና የወገብ እንቅስቃሴዎችን አቀናብራ አንድ ውዝዋዜ ፈጠረች፤ ቀርጻም በኢንስታግራም ለወዳጆቿ አሳየች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ጥቂት ለውጥ አድርጎበት ወደ ቲክቶክ አሻገረው። ከዚያ በኋላ ቻርሊ ዳሜሊዮ የተባለች እጅግ ብዙ ተከታይ ያላት ወጣት ስትወዛወዘው «ሬኔጌድ» የሚል ስም ይዞ ዓለምን አዳረሰ። ሕዝቡም ውዝዋዜውን በዳሜሊዮ ስም ያውቀው ጀመር። ልጅቱ ስሟ እንዲጠቀስላት ብትጠይቅም ሰሚ አላገኘችም። በፌብሩዋሪ 2020 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ታሪኳን ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በዚያው ወር በቺካጎ በተካሄደው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ከዋክብት ጨዋታ ላይ ራሷ ቀርባ ውዝዋዜዋን አሳየች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሰው «የፈጠርሁት እኔ ነኝ» ብሎ መዋሸት እንዳላስፈለገው ልብ እንበል። እያንዳንዱ ያየውን አደረገ፤ ከማን እንዳየው ግን አልተናገረም። ዝምታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በመጨረሻ ተናጋሪ የሌለው ሐሰት ሆኖ ቆመ። ብዙዎች ይህን ጉዳይ የሚያዩት በሰባተኛው ትእዛዝ፣ ማለትም በስርቆት በኩል ነው፤ በእርግጥም ዝና ገንዘብ በሆነበት በዚህ ዘመን ልጅቱ ሊደርሳት ይገባ የነበረው ጥቅም ቀርቶባታል። ለእኛ ግን ቅርብ የሚመስለን ስምንተኛው ነው። የሐሰት ምስክርነት የሚነገረው በዳኛ ፊት ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ማወቅ የሚገባው ሰው ሳያውቀው እንዲቀር በሚያደርግ ቸልተኝነትም ይፈጸማል።

በሕግ በኩል ያለው መፍትሔ ጠባብ ነው። የአገራችን የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሆኖም አሥራ አምስት ሰከንድ ለሚፈጅ የእጅ እንቅስቃሴ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? በአሜሪካም ቢሆን አጫጭር የውዝዋዜ እርምጃዎች በቅጂ መብት መዝገብ ላይ አይሰፍሩም። ስለዚህ ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ሕሊና ይመጣል።

ሕሊናም በዚህ ነገር ላይ ምን እንደሚል ለመስማት ባሕር መሻገር አያሻንም። አብረነው የምንኖረው የሶማሊ ሕዝብ ቋንቋው በመንግሥት ደረጃ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በሞቃዲሾ እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር፤ ከዚያ በፊት ታላላቆቹ ግጥሞች በቃል ተይዘው ከግመል ጉድጓድ ወደ ግመል ጉድጓድ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጓዙ ኖረዋል። «ገበይ» የሚባለውን ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው በጉባኤ መካከል ከማሰማቱ በፊት የገጣሚውን ስም የመናገር ግዴታ ነበረበት። የሌላውን ግጥም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነበር፤ ቃሉንም እንደፈለጉ መለወጥ አይፈቀድም ነበር። ፖላንድ ተወልደው በለንደን ያስተማሩት የሶማሊ ሥነ ቃል ሊቅ ቦጉሚል አንድርዜየቭስኪ ይህን ልማድ ያልተጻፈ የቅጂ መብት ሕግ አድርገው ገልጸውታል። ፖሊስና መዝገብ ቤት ሳይኖር፣ ወረቀትም ሳይኖር፣ በረሃ ውስጥ የሚኖር እረኛ ያላየውን ገጣሚ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ በጣት ንክኪ ስም መጻፍ የምንችል ሰዎች ይህን አለማድረጋችን እጅግ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ካቴኪስት «ጌታችን ምጽዋታችንን በስውር እንድናደርግ አላስተማረንምን? ስሜ ይጠራ ማለትስ ትዕቢት አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስውርነት የሰጪው ትሩፋት ነው፤ ተቀባይ በሰጪው ላይ ሊጭነው የሚችል ግዴታ አይደለም። በራሳችን ላይ ትሕትናን ማወጅ እንችላለን፤ በሌላው ላይ ስናውጀው ግን ስሙ ንፍገት ነው። ጌታችን ራሱ በቢታንያ ሽቱ ያፈሰሰችለትን ሴት ነገር ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ እንዲነገርላት አዘዘ፤ ከተፈወሱት ዐሥሩ ለምጻሞችም ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ። ዘጠኙ ምንም አልሰረቁም ነበር።

ይህ ፍርድ በእኛም ላይ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውዮርክ ሐርለም ሠፈር አል ቢ የተባለ ሰው በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ያሳየው የነበረ ትከሻ አንቀጥቃጭ ውዝዋዜ ከጊዜ በኋላ «ሐርለም ሼክ» ተባለ። በ2013 መጀመሪያ ላይ በዚሁ ስም በኢንተርኔት የተዛመተው ግን ሰዎች በየመልኩ እየተንፈራገጡ የሚቀረጹበት ሌላ ነገር ነበር፤ የሐርለም ነዋሪዎችም ሲያዩት የእኛ አይደለም አሉ። ታዲያ በኛ አገር የሐርለሙ ውዝዋዜ ከእስክስታ የተወሰደ ነው የሚል ኩራት በብዙዎች ዘንድ ይሰማል። ትከሻ ለትከሻ መመሳሰሉ አይካድም፤ መመሳሰል ግን የዘር ሐረግ አይደለም። የራሳችን ያልሆነውን የእኛ ነው ስንል፣ ከአትላንታዋ ልጅ ላይ ስሟን ካስቀሩባት ሰዎች በምን እንሻላለን?

ፈጣሪው የማይታወቅ ውዝዋዜስ? በዚህ አካባቢ በሠርግና በበዓል የምናየው ዳንቶ አውጪው ሲያወጣ ሌላው በጭብጨባ እየተቀበለ፣ እርምጃው የግመልን አካሄድ እየመሰለ የሚሄድ ነው። ዛሬ በውጭ አገር በሚኖሩ ሶማሊዎች ሠርግ ላይ ሳይቀር ይታያል። መጀመሪያ የረገጠው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ለቁምስናው በዓል ትርኢት ሲያዘጋጁ፣ ወጣቶቹ ከስልክ የቀዱትን ውዝዋዜ ከማቅረባቸው በፊት ከማን እንደተማሩት ፈልገው እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ፍለጋው ራሱ ትምህርት ይሆናቸዋል። ስም ካልተገኘም የሕዝቡንና የአገሩን ስም መጥራት ይቻላል፤ ለዳንቶም ሆነ ለእስክስታ የምናደርገው ይህንኑ ነው።